አናቱ የተቆረጠ ምስማር

"ብረት ነገር ካለበት አውልቁለት" አለ የራጅ ባለሙያው፣ በሩን በክርኑ ደግፎ። "ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የአንገት መስቀል፤ ምንም እንዳይቀር።"

ዘሥላሴ የወንድሙን ቀበቶ ፈታ። ማተቡን ሳይበጥስ መስቀሏን ብቻ አወጣና ኪሱ ከተታት። ሱሪውን አስወልቆ የሆስፒታሉን ሽርጥ አስታጠቀው። ሠረቀብርሃን ሆዱን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እንደ ሕፃን የተባለውን ሁሉ እየሆነ ገባ። በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ባለሙያው ተቆጥቶ ብቅ አለ።

"ኪሱን አላራገፋችሁም እኮ! ምስማር ሞልቶታል። ሥዕሉን አበላሸብኝ።"

"ሱሪውን እኔ ይዤዋለሁ" አለ ዘሥላሴ፣ ክንዱ ላይ ያጣጠፈውን እያሳየ። "የለበሰው ሽርጥ ነው። ኪስ የለውም።"

ባለሙያው ሱሪውን አየ፤ ወደ ውስጥ ዞሮ ሽርጡን አየ፤ ከዚያ በሩን ዘጋ። ዘሥላሴ አልደነገጠም። ቢደነግጥ ለራሱም ይሻለው ነበር። ያልደነገጠው ስለሚያውቅ ነው።

ተረኛዋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ፈሂማ ናት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ መረመረችው። የደብረ ብርሃን ቁር በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ፊልሙን ያርገበግበዋል።

"ይኼ ጨጓራው ነው" አለች በመጨረሻ። እንደ ጭራሮ የተቆለለውን ነጭ ነገር በጣቷ ዞረችው። "ይቺ አንዷ ግን ጨጓራው ውስጥ አይደለችም። በስታ ወጥታለች። ሲውጥ መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። የሁለት ቀን ነገር አይመስለኝም። ልወቅስዎ አይደለም የምጠይቅዎ፤ ሕክምናውን የምወስነው በሱ ነው።"

"ያየሁት ከትናንት ወዲያ ነው" ሲል ደገመ፣ ዓይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል።

ዶክተሯ ፊልሙን አስቀመጠችው። "እንግዲህ ልንገርዎ። ሰው ብረት ዋጠ ሲባል ሁሉም ይደነግጣል እንጂ፣ አብዛኛው ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ሳንቲም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ መንገዱን ይዞ ይወጣል። አጥንት ወይም ምስማር ከሆነ፣ በጉሮሮ በኩል ካሜራ አስገብተን እንለቅመዋለን፤ ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ይገባል። ቶሎ ከመጣ ነው ታዲያ። ይኼኛው ግን በካሜራ የሚሆን አይደለም። ሆዱን እንከፍታለን።"

ዶክተሯ ከተናገረችው ሁሉ ዘሥላሴ ልብ ውስጥ የቀረችው አንዲት ነገር ናት። ቶሎ ከመጣ። ፈርም ባሉት ቦታ ፈረመ፤ ወንድሙን በጋሪ አልጋ ገፍተው ወሰዱበት፤ እሱ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ፈትተው ማየት አልለመደም።

ሁለቱ ወንድማማቾች ኮርኒስ ሠሪዎች ናቸው። የተወለዱት አንኮበር ነው፤ እንጀራቸው ግን ደብረ ብርሃን። ከተማዋ ፋብሪካ በፋብሪካ ስትሆን ሠራተኛ ጎረፈ፣ ቤት በቤት ላይ ተሠራ፣ ኮርኒስ የሚመታ ጠፋ። ኮርኒስ የሚመታ ሰው አንገቱን ወደ ሰማይ ሰብሮ ነው የሚውለው። በአንድ እጁ ሰሌዳውን ይደግፋል፣ በሌላው መዶሻውን ይይዛል፤ ምስማሩን የሚይዘው በአፉ ነው። ዘሥላሴ ታናሹን ሲያስተምረው "ሦስተኛ እጅህ አፍህ ነው" ይለው ነበር። "በከንፈርህ እንጂ በጥርስህ አትያዘው። እየያዝክ አታውራ። ሳቅ ከመጣብህ ቶሎ ትፋው።" ሠረቀብርሃን ሳቅ ይወድ ስለነበር ምስማር ሲተፋ ነው የሚውለው፤ ወለሉን አይቶ ቤቱን የሠራው ማን እንደሆነ መናገር ይቻል ነበር።

መጨረሻ ላይ የጠርዙ ቀጭን እንጨት ይመታል። የዚያ ምስማር እንዳይታይ አናቱ አስቀድሞ ይቆረጣል። ይህ የዘሥላሴ ሥራ ነው። ፒንሳው አንደኛው ጥርሱ የተሸረፈ ነውና፣ እሱ የቆረጠው ሁሉ ወደ ጎን ያጋድላል። ሠረቀብርሃን በዚህ ሲያሾፍበት "የወንድሜ ምስማር እንደሱ አንገቷ የተጣመመ ነው" ይል ነበር።

ሳቁ መቼ እንደቆመ ማንም አላስተዋለም። ያስተዋለችው ሚስቱ ሮዳስ ብቻ ናት። ሮዳስ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጠርዝ ትሰፋለች፤ አንድ ቀን ከፈረቃ ወጥታ፣ ፀጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ እንደተቀመጠ፣ ዘሥላሴ የሚሠራበት ድረስ መጣች።

"ጋሼ ዘሥላሴ፣ ሠርኬ ከኮርኒሱ በላይ ሰዎች አሉ ይለኛል። ያናግሩታል። ብረቱን ካልዋጥክ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል ይሉታል።"

"ደክሞት ነው" አላት መሰላሉ ላይ እንዳለ። "ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ሲያዩ መዋል ራስ ያዞራል።"

"አፉ የገባውን ምስማር ሁሉ አይተፋውም። በዓይኔ አይቻለሁ። ሆስፒታል እንውሰደው።"

"ሮዳስ፣ ምስማር በአፍ መያዝ ሙያችን ነው። እኔም ይኸው ይዣለሁ።" ከንፈሩ ላይ ያሉትን አሳያት። የሚያስቅ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር።

እሷ አልሳቀችም። እያየችው ቆማ ቆማ ሄደች።

ሠረቀብርሃን ሥራውን ትቶ ማዕዘን ለማዕዘን መቀመጥ ሲጀምር እናታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ከአንኮበር መጡና ወሰዱት። ከገደሉ በታች ካለው ጠበል አስገቡት። ዘሥላሴም ተከትሎ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጥማቂው ጠበል እየደጋገሙ ሲያስጠጡት ሆዱ ተገላበጠ። ከውሃው ጋር አንዲት ምስማር ወጥታ ድንጋዩ ላይ ቅጭል አለች።

ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። "መተቱ ወጣ! መተቱ ወጣ!"

አጥማቂው መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳርፈው "ማን ላከህ? ተናገር! ማን ነው የላከህ?" እያሉ ጮኹ። ሠረቀብርሃን ትንፋሽ አጥሮት፣ ዓይኑ ፈጦ፣ አንድ ስም ብቻ ጠራ።

"ሮዳስ!"

ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሚወደውን ይጠራል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እዚያ የቆመው ሰው ግን የተናገረው ሠረቀብርሃን ሳይሆን ውስጡ ያለው ነው ብሎ አመነ፤ ጠበል ላይ የተጠራ ስም የላኪው ስም ነውና። ወይዘሮ አስካለማርያም ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እልል እያሉ አለቀሱ።

ዘሥላሴ ጎንበስ ብሎ ምስማሯን አነሳት። አናቷ ተቆርጧል። አቆራረጡም ወደ ጎን ያጋደለ ነው። በእጁ ላይ ገለበጣት፣ ደግሞ ገለበጣት። እጁ ከዓይኑ ቀድሞ አወቃት።

"ምንድን ናት ልጄ?" አሉ እናቱ።

"ምስማር ናት።"

አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የተናገረው። ቀሪውን ግማሽ ዋጠው። ለምን ቢሉ፣ የእናቱ ፊት ከስንት ጊዜ በኋላ በርቶ ነበር። ደግሞም መተት ከውጭ የመጣ ነው፤ መተት የተደረገበት ሰው ይታዘንለታል። እብደት ከሆነ ግን ሰው ዘር ይቆጥራል፤ አባታቸውም በመጨረሻ ዘመኑ ከግድግዳ ጋር ያወራ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ያው አባት "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" ይል ነበር። ዘሥላሴ ዝም አለ። ምስማሯን እናቱ ከእጁ ተቀብለው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።

ሮዳስን ያባረሯት በዚያው ሰሞን ነው። ባሏን ልትጠይቅ አንኮበር ስትመጣ፣ እናቱ ቤት የነበረው ዕቃዋ ደጅ ተጥሎ ጠበቃት። ሰው ሁሉ እያየ እናቱ "ውጪ ከቤቴ፣ የልጄን ሆድ የምስማር ጎተራ ያደረግሽ!" አሏት። እሷ ግን የተናገረችው ለእሳቸው አልነበረም።

"ጋሼ ዘሥላሴ፣ አንተ እንዴት ዝም ትላለህ? የማን ምስማር እንደሆነ አንተ ካላወቅክ ማን ያውቃል?"

"ትንሽ ቀን ይለፍ ሮዳስ" አላት። "ነገሩ ይብረድ።"

ነገሩ አልበረደም። ሠረቀብርሃን "ቀሪው እስኪወጣ" ተብሎ እዚያው ጠበሉ ላይ ከረመ። ከጋቢው ጫፍ ቋጥሮ በስውር የሚውጠውን ምስማር የፈተሸው የለም፤ መተት የሚፈተሽ ነገር አይደለምና። ሌላ ግን አልወጣም። ሆዱ ተነፋ፣ ትኩሳት ያዘው፣ እህል ከለከለው። ዘሥላሴ ተሸክሞ ደብረ ብርሃን ያመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዶክተር ፈሂማ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ስትወጣ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። በእጇ የያዘችው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ምስማሮቹ አሉ። አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ዝጓል።

"ከየት ነው የሚያገኘው?"

"ኮርኒስ ሠሪዎች ነን።"

"ይኼ የከረመ ነው። ከትናንት ወዲያ አይደለም።"

ዘሥላሴ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ። እሷም አላስጨነቀችውም።

"ሆዱን አጥበናል። መግሉ ግን ደሙ ውስጥ ገብቷል። የምንችለውን እያደረግን ነው። ከተረፈ ደግሞ አእምሮውም መታከም አለበት፤ ያለዚያ ተመልሶ ይውጣል። መድኃኒት አለው እኮ። ጠበሉን እየጠጣ ክኒኑንም ይወስዳል፤ ማንም አልከለከለውም። ማንም አልነገራችሁም?"

"ሚስቱ ነግራኝ ነበር" አለ፣ ድምፁ ለራሱም እስኪርቀው።

ወይዘሮ አስካለማርያም በማግስቱ ጠዋት በሃይላንድ የተሞላ ጠበል ይዘው ደረሱ። አልጋው አጠገብ የተቀመጠውን የምስማር ሳህን እንዳዩ ደረታቸውን መቱ። "አየህ ልጄ? አየህ? ስንቱን ነው የቀበረችበት!" አጠገባቸው ያሉት አስታማሚዎች አፋቸውን በነጠላቸው ከደኑ፤ "ሚስቱ ናት አሉ" የሚለው ወሬ ከአልጋ አልጋ ተሻገረ። እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ። "የአጎቶችህ ልጆች ሰምተዋል። እንደው ዝም ብለው አይቀመጡም። የእጇን ታገኛለች።"

ዘሥላሴ ይህን ሲሰማ ፈራ፤ የሚፈራው ለሮዳስ ይሁን ለራሱ ግን አልለየውም።

ሠረቀብርሃን ዓይኑን ገለጠ። በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለታል። ዓይኑ ወደ ክፍሉ ጣሪያ ሄደ።

"ወንድም ጋሼ፣ ጣሪያው ደህና ነው?"

"ደህና ነው ሠርኬ።"

"ማንም ላይ አልወደቀም?"

"ማንም ላይ አልወደቀም።"

"ሮዳስም ላይ?"

"ሮዳስም ላይ።"

"ብዙ ዋጥኩ እኮ" አለ፤ ሥራውን ጨርሶ የወረደ ሰው ይመስል እፎይ ብሎ። "ጥራልኝ። ትምጣ።"

"ስሟን አትጥራ ልጄ!" አሉ እናቱ፣ ጠበሉን ግንባሩ ላይ እየረጩ። "አሁንም አልለቀቀችህም!"

ዘሥላሴ ተነስቶ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። ስልኩን አውጥቶ የሮዳስን ቁጥር ፈለገ። አገኘው። ጣቱ ቁጥሩ ላይ እንዳለ እናቱ ከኋላው መጡ።

"ለማን ነው የምትደውለው?"

"ይጠራታል እማዬ።"

"የሚጠራት እሱ አይደለም፣ ያለበት ነው። ግዝት ነው ዘሥላሴ! እሷ እዚህ ትረግጥና ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ።"

የእናት ግዝት ቀላል አይደለም። ስልኩን ኪሱ መለሰው። ነገ፣ አለ በልቡ፤ ነገ እማዬ ጋብ ሲልላት እደውላለሁ። እንዲህ ያለውን ነገ ከዚህ በፊትም ያውቀዋል።

ከቀትር በኋላ መድኃኒት ግዛ ብለው ላኩት። ሆስፒታሉ ያጣውን መድኃኒት ሁለት ፋርማሲ አዳርሶ አገኘና እየሮጠ ተመለሰ። ከበሩ ላይ የእናቱን ዋይታ ሰማ። ድምፁን ሲሰማ መሮጡን አቆመ፤ ከዚያ ወዲያ መሮጥ ለምንም እንደማይሆን አውቋል። መድኃኒቱን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት፣ እንደያዘው ወንድሙ አጠገብ ቆመ። ለማልቀስ አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። የመጣለት አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ ሰው ላይ ጣሪያ እንዳይወድቅ ብሎ ሞተ፣ እኔ ደግሞ ሰው ላይ ጣሪያ ሲወድቅ ቆሜ አየሁ።

አስከሬኑን የጫነው አብዱልሀሚድ ነው። በፒካፑ የአልዩ አምባን ገበያ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ኮርኒሱን ወንድማማቾቹ የሠሩለት ሰው ነው። ወሬውን እንደሰማ ሳይጠሩት መጣ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ያጽናችሁ" ብሎ ሣጥኑን በገመድ ጥሩ አድርጎ አሰረ። እናትና ልጅ ከፊት፣ ከእሱ ጎን ተቀመጡ። ሣጥኑ ከኋላቸው ነው፤ መኪናው በነገጨ ቁጥር ይሰማቸዋል።

"ለቀስተኛው ሲጠይቅህ እውነቱን ነው የምትናገረው" አሉ እናቱ፣ ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሎ። "በምስማር ገደለችው ትላለህ። የጠበሉን ምስማር እኔ አሳያለሁ። ዓለም ይወቃት።" የነጠላቸውን ቋጠሮ ጨበጡ።

መኪናው ወደ አንኮበር መውጫ ደረሰ። ዘሥላሴ በመስታወቱ ወደ ፊት እያየ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ግቢያቸው በሐሳቡ ታየው፤ ለቀስተኛው፣ የአጎቶቹ ልጆች፣ የእናቱ እጅ ላይ ያለችው ምስማር ከሰው ወደ ሰው ስትተላለፍ። እሱም መሐላቸው ቆሞ፣ አፉን ዘግቶ።

"አብዱልሀሚድ" አለ። "ወደ ጠባሴ አዙርልኝ።"

"ጠባሴ? አንኮበር እኮ በዚህ ነው።"

"አውቃለሁ። ሚስቱ እዚያ አክስቷ ቤት ናት። ሳትቀብረው አይቀበርም።"

እናቱ ከመቀመጫቸው ዘለው ሊነሱ ነበር። "ምን አልክ? ግዝት ነው ብዬሃለሁ! በሬሳው ላይ ልታመጣት ነው?"

"እማዬ፣ ቋጠሮሽን ፍቺው።"

"ለምን?"

"ፍቺውና አናቷን ዳብሺው።"

አልፈቱም። እሱም አልጠበቀም፤ የነጠላውን ጫፍ ከእጃቸው ወስዶ ራሱ ፈታው። ምስማሯን መዳፋቸው ላይ አስቀምጦ ጣታቸውን ይዞ አስዳበሳቸው።

"ወደ ጎን ተቆርጧል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በተሸረፈው ፒንሳዬ። የምስማሩን ሁሉ አናት እንዲህ ነው የምቆርጠው። ሮዳስ አላስገባችበትም። ከኔ እጅ ወስዶ ነው የዋጠው። ታሞ ነበር፤ እንደ አባዬ ታሞ ነበር። ጠበሉ ላይ ያን ቀን አውቄያታለሁ።"

ወይዘሮ አስካለማርያም ምስማሯን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። "ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ እልል ስል?"

"አንቺ እልል ስትዪ።"

ከዚያ በኋላ አልጮኹም። ቢጮኹ፣ በጥፊ ቢመቱት፣ ይቀለው ነበር። ፊታቸውን ወደ ኋለኛው መስታወት አዞሩና ሣጥኑን እያዩ ቀሩ። አብዱልሀሚድ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ሁለቱን በየተራ እያየ ጠበቀ።

"እማማ፣ ወዴት ልንዳ?" አለ በቀስታ።

እሳቸው ዓይናቸውን ከሣጥኑ አልነቀሉም።

"ወደ ጠባሴ" አለ ዘሥላሴ።

የአክስቷ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ብቻውን ወረደ። ከመውረዱ በፊት ምስማሯን ከእናቱ መዳፍ ላይ አነሳት፤ አልከለከሉትም። ከውስጥ የሮዳስ ድምፅ ይሰማል፤ ለአክስቷ ስለ ሥራ ፈረቃ የሆነ ነገር ትነግራታለች፤ መርዶውን ገና አልሰማችም። ዘሥላሴ በሩን ሊያንኳኳ ሲል እጁ በልማዱ ምስማሯን ወደ ከንፈሩ ወሰዳት። መለሳት። በግራ እጁ ጨብጧት በቀኙ አንኳኳ።